ለዋላ ጥብቅና የቆሙት ሰዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የምኖር የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት አሜሪካን አገር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፣ ከልጄ ቤት ነበር። ልጄ ከቤቷ ጀርባ ባለች ጓሮ ጎመንና ጤና አዳም ተክላለች። አንድ ቀን ማልጄ ተነሥቼ በመስኮት ስመለከት ሦስት አጋዘኖች አጥሩን ዘለው ገብተው ጎመኑን ይለቅሙታል። አንደኛዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጆሮዎቿ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ፣ ከአፍንጫዋ እንፋሎት ይወጣል፣ ማኘኳን ግን አላቆመችም። ጤና አዳሙን አንዳቸውም አልነኩትም። ልጄ በጣም ተናደደች። ጎረቤቷ የሆኑት አሮጊት ግን በደጃቸው «አጋዘኖቹን አትግደሉ» የሚል ሰሌዳ ተክለዋል። በአካባቢው ባለ ፓርክ እንስሳቱ ቁጥራቸው እንዲቀንስ ሌሊት ሌሊት በጥይት እንደሚገደሉና፣ ይህን የሚቃወሙ ሰዎች እስከ ፍርድ ቤት እንደሄዱ ነገሩኝ። ሥጋ በየዕለቱ የሚበላ ሕዝብ ለአንድ የዱር እንስሳ ይህን ያህል የሚሟገተው ለምንድን ነው? ነገሩ የጥጋብ ጭቅጭቅ ነው ወይስ ቁም ነገር አለው? እኛንስ የሚመለከተን ነገር አለበት? በዚያውም ልጄ ጓሮዋን በምን ልታድን እንደምትችል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከልጅዎ ጓሮ ተነሥተው ወደ አገርዎ ጉዳይ የተሻገሩበት ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ የሚገባው ስለሆነ፣ የዛሬውን ዓምድ ከሞላ ጎደል ለእርሱ ሰጥተነዋል።

አስቀድመን ስሙን እናስተካክል። እኛ አጋዘን የምንለው የቆላችን እንስሳ ቀንዱ ጠመዝማዛ ሲሆን፣ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልኩን አይወልቅም። በጓሮው ያዩት ነጭ ጅራት ያለው የአሜሪካ እንስሳ ግን የሌላ ዘር ነው፤ ቀንዱ በወንዱ ራስ ላይ ቅርንጫፍ እያወጣ ይበቅላል፣ ብርዱ ሲገባ ወልቆ ይወድቃል፣ በዓመቱም እንደገና ይተካል። ይህ ዘር ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ወደ ውኃ ምንጭ ሲናፍቅ የምናውቀው ዋላ ለእርሱ ስለሚቀርብ፣ ከዚህ በኋላ ዋላ እያልን እንጠራዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ በዛ ተብሎ የሚገደለው ይህ እንስሳ በ1900 አካባቢ ከአሜሪካ ምድር ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ሥጋውና ቆዳው ለገበያ ሲታደን፣ ደኑም ለእርሻ ሲመነጠር ኖሮ፣ በመላው አገር የቀረው ቢበዛ ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደነበር ይገመታል። ከዚያ በኋላ የወጡ የአደን ሕጎች ጠበቁት፤ በምሥራቁ ክፍል ብዙ እርሻ ተትቶ ደን መልሶ በቀለበት፤ እርሱን ይበሉ የነበሩትን ተኩላና ፑማ ደግሞ ሰው ቀድሞ ከአካባቢው አጥፍቷቸው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ከመሀል ከተማ እየወጣ በደን ዳርቻ ቤት መሥራት ሲጀምር፣ ለዋላ ከዚህ የተመቸ ስፍራ አልተገኘም። ዋላ የጥልቅ ጫካ ሳይሆን የጫካ ዳር እንስሳ ነው፤ ቀን የሚሸሸግበት ቁጥቋጦና ሌሊት የሚበላው ለምለም ነገር ጎን ለጎን ሲያገኝ ይራባል። የሰፈሩ ሰው ማዳበሪያ የጠጣ ሣር፣ ጽጌረዳና አትክልት በየደጁ አቀረበለት፤ አዳኝ ደግሞ በቤቶች መካከል መተኮስ አይፈቀድለትም። በደንብ የበላች እንስት ዋላ አብዛኛውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ስለዚህ ዛሬ በአገሪቱ ያለው የዋላ ቁጥር ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል። የኒው ዮርክ ከተማ አካል በሆነችው በስታተን ደሴት በ2008 የተቆጠሩት ዋላዎች 24 ብቻ ነበሩ፤ በ2014 ከአየር ላይ ሲቆጠሩ 763 ሆነው ተገኙ። ከማዶው ከኒው ጀርሲ ውኃውን እየዋኙ ይሻገራሉ።

ይገደሉ የሚለው ወገን የሚያቀርበው ምክንያት ቀላል አይደለም። በአሜሪካ መንገዶች ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች ከዋላ ጋር ይጋጫሉ፤ በዚህም ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ይሞታል። ላይም የሚባለው በመዥገር የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ስሙን ያገኘው በ1970ዎቹ በውል ከታወቀባት ከኮኔቲከቷ የላይም ከተማ ሲሆን፣ በአገሪቱ በየዓመቱ 476,000 ያህል ሰዎች ለዚህ በሽታ እንደሚታከሙ የጤና ባለሥልጣናት ይገምታሉ። መዥገሩ ሲያድግ የሚጣበቀው በአብዛኛው በዋላ ላይ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ደኑ ነው። ዋላ ሲበዛ ከመሬት እስከ ጉልበትና እስከ ደረት ያለውን ቡቃያ ሁሉ ስለሚግጠው፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው ችግኝ ይጠፋል፤ በቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሚሠራ ወፍም ቤት ያጣል። ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ የሆነ፣ ከሥሩ ግን ልጅ የሌለው ደን ይሆናል።

አሮጊቷ የነገሩዎት ፓርክ ከዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ሜሪላንድ የሚዘልቀው ሮክ ክሪክ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ በአንዳንድ ዓመታት በአንድ ካሬ ማይል ከ60 በላይ ዋላዎች ይገኙ ነበር። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ቁጥሩን ከ15 እስከ 20 ለማውረድ ዕቅድ አውጥቶ ለሕዝብ አስተያየት አቀረበ፤ በ2012 ሲያጸድቀው «ኢን ዲፌንስ ኦፍ አኒማልስ» የተባለው የእንስሳት ተሟጋቾች ድርጅት ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ከሰሰው። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2013 ለፓርኩ ፈረደ፤ ተኩሱም በዚያው ወር ተጀመረ፤ ይግባኝ የተባለበት ፍርድ ቤትም በ2015 ውሳኔውን አጸና። ግድያው የሚፈጸመው ፓርኩ ለሕዝብ ከተዘጋ በኋላ በሠለጠኑ አነጣጣሪዎች ሲሆን፣ ሥጋው ለችግረኞች ምግብ ለሚያበስሉ በጎ አድራጎቶች ይሰጣል።

እንግዲህ ወደ ተቃዋሚዎቹ እንምጣ። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት አንድ ድምፅ አለመሆናቸው ነው።

በመሠረቱ የሚነሡበት ሐሳብ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ሕይወት ያለው ነው የሚል ነው። «መንጋው በዛ» ስንል መንጋ የሚባል የሚሞት ነገር የለም፤ የምትሞተው እርስዎን ቀና ብላ ያየችዎት ያቺ አንዲቱ ናት። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶም ሬገን ይህን እስከ ጫፍ ወስዶ፣ እንስሳ ለሌላው ጥቅም መሣሪያ የማይሆንበት መብት ስላለው፣ ለደን ጤና ተብሎ አንዱን መሠዋት አይገባም ይል ነበር። አውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር ግን መለኪያውን ሥቃይ ላይ ያደርጋል፤ ዋናው ጥያቄ የትኛው መንገድ አነስተኛ ሥቃይ ያስከትላል የሚለው ነው። ሁለቱም የእንስሳት ወዳጅ ተብለው ይጠራሉ፤ በዋላው ጉዳይ ግን ሁለቱን ሐሳቦች የተከተለ ሰው ሁለት የተለያየ ቦታ ሊደርስ ይችላል።

ልዩነቱ በተግባር የታየው በወሊድ መከላከያው ነው። ከታረዱ አሳማዎች እንቁላል ማመንጫ አካል የሚዘጋጅ አንድ ክትባት አለ፤ የተወጋችው ዋላ ያንን ዓመት አትፀንስም። ትልቁ የአሜሪካ የእንስሳት በጎ አድራጎት ማኅበር ይህን ዘዴ ይደግፋል፤ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ያለችው ሄስቲንግስ-ኦን-ሀድሰን በ2014 ግድያን ትታ ከዚሁ ማኅበር ጋር ክትባቱን ጀምራለች። «ፍሬንድስ ኦፍ አኒማልስ» የተባለው ሌላው ድርጅት ግን የዱር እንስሳን ማምከን ራሱ በነጻነቱ መግባት ነው ብሎ ክትባቱንም ይቃወማል። ይህ ድርጅት በፔንስልቬንያ በቫሊ ፎርጅ ፓርክ 1,277 ያህል ተብለው የተገመቱት ዋላዎች ሊቀነሱ በታሰበ ጊዜ በ2009 የከሰሰ ሲሆን፣ ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ፓርኩ ኮዮት የተባለውን የዱር አውሬ የተፈጥሮ መቆጣጠሪያ አድርጎ በቅጡ አልመረመረም የሚል ነበር። በ2011 በይግባኝ ተረታ። እኔ ግን ጥያቄው በፍርድ ቤት ቢሸነፍም ትክክለኛ ጥያቄ እንደነበረ አምናለሁ፤ ተኩላውን ያጠፋ ሰው ዛሬ ተኩላ የሚሠራውን ሥራ በጥይት ሲሠራ፣ ይህ ነገር ከየት እንደ ጀመረ የሚያስታውሰው ያስፈልገዋል።

ሌላው መከራከሪያቸው ግድያው አይሠራም የሚል ነው። የተረፉት የተሻለ ምግብ ስለሚያገኙ በብዛት ይወልዳሉ፤ ከአጎራባች ደንም ሌሎች ገብተው ባዶውን ይሞላሉ፤ ስለዚህ ተኩሱ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ይቀጥላል ይላሉ። በዚህ ላይ ሐቁ ከሁለቱ ወገን ንግግር መካከል ነው። በየዓመቱ በርከት ያለ እንስት ዋላ ከተገደለ ቁጥሩ ይወርዳል፤ በቫሊ ፎርጅም በሮክ ክሪክም ወርዷል። ነገር ግን እጅ በተሰበሰበ ማግስት መመለሱ አይቀርም፤ ግድያውን የጀመረ ከተማ ማብቂያ የሌለው ሥራ እንደ ጀመረ ለነዋሪው በግልጽ ሊነግር ይገባል። ብዙ ጊዜ ግን የሚነገረው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ እንደሚቆይ ነው።

ስለ መዥገሩም ተሟጋቾቹ የሚሉት ሊሰማ የሚገባው ነው። የላይምን ተህዋስ ለመዥገር የሚያስተላልፈው በዋነኛነት ነጭ እግር ያለው የዱር አይጥ እንጂ ዋላ አይደለም፤ ዋላ መዥገሩን ይመግባል፣ በሽታውን ግን አይሰጠውም። ከመቶ ዋላ ሃያውን በመግደል የበሽተኛው ቁጥር ይቀንሳል ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባት ማስረጃ የጎደለው ነው። እዚህ ላይ ግን ተሟጋቾቹም የማይወዱትን እውነት ልጨምር፤ በሜይን ግዛት ባለችው በሞንሂገን ደሴት በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋላዎቹ አንድም ሳይቀር ሲወገዱ፣ መዥገሩም ከዓመታት በኋላ እጅግ ተመናምኗል። ደሴት ግን ደሴት ነው፤ ዙሪያውን ባሕር የከበበውን መሬት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ስለ አገዳደሉ የሚያነሡት ቅሬታ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። ሌሊት በሠለጠነ ተኳሽ ራሱን የተመታ ዋላ በቅጽበት ይወድቃል። አንዳንድ ከተሞች ግን በቤቶች መካከል ጥይት አደገኛ ነው በማለት ቀስት ለሚወረውሩ አዳኞች ይፈቅዳሉ፤ በቀስት የተወጋ ዋላ ብዙ ርቀት ሊሮጥ ስለሚችል፣ ቀስቱ ከጎኑ እንደተሰካ ልጆች በሚጫወቱበት ጓሮ ገብቶ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ሌሎች ደግሞ በመረብ ወጥመድ ይዘው፣ እየተንፈራገጠ ሳለ ግንባሩን በቄራ መሣሪያ ይመቱታል። አንድ የዱር እንስሳ ሰው እጁን ሲጭንበት የሚሰማውን ፍርሃት ያየ ሰው፣ ይህን የሚቃወሙትን ሰዎች ቅንጦተኞች ብሎ ሊያልፋቸው አይችልም።

በዚህም ምክንያት ተቃውሞው አንዳንዴ ያልተጠበቀ አጋር ያገኛል። በ2014 በሎንግ አይላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ የመንግሥት አነጣጣሪዎች ሊሰማሩ በታሰበ ጊዜ፣ ከእንስሳት ተሟጋቾች ጋር አዳኞችም ተቃውመዋል፤ የምክንያታቸው መነሻ ቢለያይም።

ግድያ ሳይኖር ምን ማድረግ ይቻላል? በስታተን ደሴት የኒው ዮርክ ከተማ ከ2016 ጀምሮ ወንዶቹን ዋላዎች በማደንዘዣ እየያዘ የዘር ቱቧቸውን አስቆርጧል። ወጪው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ በደሴት ላይ ስለሆነም ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይሠራል፤ ቁጥሩም ቀስ እያለ ነው የቀነሰው። ክትባቱም እንዲሁ ከእያንዳንዷ እንስት ጋር በማደንዘዣ ፍላጻ መታገል፣ ጆሮዋ ላይ ምልክት ማሰርና ከጊዜ በኋላ መድገም ይጠይቃል። ዘዴው በተከለለ ትንሽ ቦታ ያዋጣል፤ በሰፊ ደን ውስጥ አያዋጣም። ከዚህም በላይ የተከተቡት ዋላዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ መብላታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ ደኑ ለዓመታት እፎይታ አያገኝም። ደኑ ችግኝ አልባ ሆኖ ሳለ ይህን የሚያህል ጊዜ መጠበቅ አይቻልም የሚለው የሥነ ምህዳር ባለሙያ ጨካኝ አይደለም፤ እርሱም የሚሟገተው ድምፅ ለሌላቸው ነው።

የእኔን ፍርድ ጠይቀዋልና ልናገር። የዋላ ግድያ ፈጽሞ አይገባም ከሚሉት ጋር አልቆምም፤ ደኑ ሲያልቅ ወፉም፣ አበባውም፣ በመጨረሻም ዋላው ራሱ በረሀብ እንደሚያልቅ በሙያዬ አውቃለሁና። ነገር ግን ተሟጋቾቹ የሠሩት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱንም በሙሉ ልብ አከብራለሁ። ገዳዩን አካል በአደባባይ አስቁመው «አረጋግጥ» ብለውታል። ስንት እንደሆኑ ቆጥረሃል? ሌላ መንገድ ሞክረሃል? እንዴት ትገድላለህ? መቼ ታቆማለህ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ያለበት ሕይወት ሊያጠፋ የተነሣው ወገን እንጂ፣ ሕይወት ይትረፍ የሚለው አይደለም። በፍርድ ቤት ተሸንፈው እንኳ ፓርኩ እያንዳንዱን ቁጥር እንዲያትም፣ ሌሊቱን እንዲያስታውቅ፣ ሥጋውን ለድሀ እንዲሰጥ ሆኖ በሕዝብ ዓይን ሥር ይሠራል።

ሥጋ በላተኛ ሕዝብ ስለ ዋላ መሟገቱ ግር ማለቱ ተገቢ ነው። ከተሟጋቾቹ ብዙዎቹ ሥጋ ጨርሶ የማይቀምሱ ናቸው፤ ሰሌዳውን የተከሉት የልጅዎ ጎረቤት ይቀምሱ እንደሆነ አላውቅም። ቢቀምሱም እንኳ ጥያቄያቸው አይወድቅም። እኛ በበዓል በግ የምናርድ ሰዎች ነን፤ ሆኖም አራጁ ቢላውን ሳይስል ቢቀርብ፣ ወይም በጉን ከሌላው በግ ፊት ቢያርደው፣ ተው የሚል ሽማግሌ ከደጁ አይጠፋም። መብላቱና ለአሟሟቱ መጠንቀቁ በእኛ ዘንድ አብረው ኖረዋል።

«እኛንስ የሚመለከተን አለ?» ላሉት መልሴ ከድሬዳዋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማለዳ ለገሃሬ አካባቢ ስሄድ አንዲት ቡናማ ውሻ በመንገዱ ዳር ወድቃ አየሁ። አራት እግሮቿ እንደ እንጨት ተገትረዋል፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ ዓይኖቿ ግን ሙሉ በሙሉ ነቅተው ያያሉ። ባጃጅ ጥሩምባ ባሰማ ቁጥር መላ አካሏ ይንዘፈዘፋል። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የሚገድለው እንዲህ ነው፤ አእምሮን ሳያደነዝዝ ጡንቻን ብቻ አንቆ፣ ትንሽ ድምፅና ንክኪ በተሰማ ቁጥር እንደገና እያንቀጠቀጠ። ጡቶቿ ወተት አጋተዋል። ቡችሎቹን ከሰዓት በኋላ በአንድ ቦይ ውስጥ አገኘናቸው፤ ሦስቱን ሰዎች ወሰዷቸው፣ አንዱ ሞተ። መርዙን ማን እንደጣለው፣ ማን እንዳዘዘው፣ ስንት ውሻ እንዲሞት እንደታሰበ፣ ለምን ዓላማ እንደሆነ በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የጠየቀም አልነበረም።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ሰው የሚገድል እውነተኛ ስጋት ነው፤ በእርሱ የታመመ ልጅ ያየ ሰው ስለ ውሻ መብት ሲወራ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ግን በዚህ ጉዳይ ሳይንሱ ከዋላው ይልቅ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ ያን ያህል ሲከተብ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። መግደል ግን የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ ይጨርሳል፤ ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ የዋላ ተሟጋቾች «ባዶው ይሞላል» የሚሉት ነገር በአሜሪካ ደን ውስጥ ግማሽ እውነት ቢሆን፣ በእኛ ጎዳና ላይ ግን ሙሉ እውነት ነው።

የልጅዎን ጓሮ በተመለከተ፣ ዋላ ቆሞ ካለበት ሁለት ሜትር አጥር በቀላሉ ይዘላል። አስተማማኝ የሚሆነው ወደ 2.4 ሜትር የሚደርስ የመረብ አጥር ነው፤ ጓሮው ጠባብ ከሆነ ግን ዝቅ ያለውም ሊበቃ ይችላል፤ ዋላ የሚያርፍበትን ቦታ በደንብ ካላየ መዝለል አይወድምና። ጎመኑን መሀል፣ ጤና አዳሙን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና በሶብላውን ዳር ዳር ትትከል፤ ሽታው የከረረ ተክል አይመቻቸውም፤ በጣም ሲርባቸው ግን ይህም አይመልሳቸውም። ወደ ጫካው ዳር ስትወጣ ረጅም ካልሲ ታድርግ፣ ስትመለስም የልጆቿን ብብትና ከጆሯቸው ኋላ ትመልከት፤ መዥገሩ የሰሊጥ ፍሬ ያህል፣ ጫጩቱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ጥያቄ

በሐረር መምህርት ነኝ። በክፍሌ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ከተማ ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ጅብን ከከተማችን አናስወጣም፣ ባህላችን ነው አሉ፤ ሌሎቹ፣ በተለይ ከጀጎል ውጭ በአዲሱ ሰፈር የሚኖሩት፣ ጅብ ስለበዛ መቀነስ አለበት አሉ። አንዱ ተማሪ እንዲያውም «ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። የውጭዎቹ ተሟጋቾች «ከእንስሳ ጋር አብሮ መኖር» የሚሉት እኛ ከጅብ ጋር የምንኖረውን ነው? ምገባውስ ለአብሮ መኖር ይጠቅማል?

መልስ

ውድ መምህርት፣ አብሮ መኖርን በተመለከተ ሐረር ከብዙ ከተሞች ቀድማለች። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ሲሠራ ከታች የተተዉት ቀዳዳዎች ጎርፍ የሚያሳልፉ ብቻ አልነበሩም፤ በሌሊት ጅብ የሚገባባቸው፣ በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ኑዱል የሚባሉ ናቸው። ጅቡ ገብቶ ከቄራና ከቤት የሚወጣውን አጥንትና ሥጋ ጠራርጎ ይወጣል። በአሹራ ዕለት ገንፎ ይቀርብለታል፤ ከአበላሉም የዓመቱ ዕድል ይታያል። በዚህ ልማድ ውስጥ ጅብ የሚገባበት በር፣ ሰዓትና የሚበላው ነገር በልክ ተወስኖለታል። የአሜሪካ የመኖሪያ ሰፈሮች ለዋላ ያላዘጋጁት ይህንኑ ልክ ነው።

ምገባውን በተመለከተ ግን መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ዋላን መመገብ የሚከለክሉ ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ተሟጋቾቹ ራሳቸው እንዳይመገብ ይመክራሉ፤ ምክንያቱም የተመገበ ዋላ ሰው ይለምዳል፣ በአንድ ቦታ ይከማቻል፣ በሽታ ይለዋወጣል፣ ብዙም ይወልዳል። በፈላና በር አመሻሽ ላይ የሚደረገው ምገባ ጅቡን በስሙ የሚጠራ፣ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው የሚሠራው፣ በአንድ ቦታ የተወሰነ ነገር ነው። በአዲሱ ሰፈር ዳር ተደፍቶ የሚያድረው የሥጋ ቤት ትራፊ ግን ጠባቂም ልክም የለውም። ከጀጎል ውጭ ያሉት ተማሪዎችዎ ጅብ በዛ ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ሌሊት ከደጅ የሚያድር ሰውም ሕፃንም ሊጎዳ ይችላል። የበዛው ግን ከጅቡ አስቀድሞ ትራፊው መሆኑን ሄደው ራሳቸው ቢያዩት ጥሩ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምሩላቸው፤ በመርዝ የሞተ ውሻ በጊዜ ካልተቀበረ ጅብና ጥንብ አንሣም ይበሉታል፤ መርዙም ከሥጋው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ክርክሩን እንደገና ሲያካሂዱት፣ ይቀነስ የሚለውን ቡድን በመጀመሪያ ያናግሩት። ስንት ጅብ እንዳለ በምን እንደሚያውቁ፣ ትራፊው ቢነሣ ምን ሊለወጥ እንደሚችል፣ በምን መንገድ እንደሚቀንሱትና በስንት እንደሚያቆሙ ጽፈው ያምጡ። ይቆይ የሚለው ቡድን ደግሞ ሌሊት በአዲሱ ሰፈር ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የሚገቡ እናቶች ምን እንደሚያጋጥማቸው ሄዶ ይጠይቅና ከዚያ ይናገር።